የሰኔ ዋንጫ ስለ ጥቅምት ምን ይነግረናል?

በየዓመቱ በሰኔ ሁለተኛ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ የክረምቱን ዝናብ ስትቀበል፣ ቴክሳስ ውስጥ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በዚያ ሙቀት ከግዛቲቱ ማዕዘናት ሁሉ የተውጣጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኮሌጅ ስቴሽን ወደምትባለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ይጎርፋሉ። የሚሄዱት «ሰባት ለሰባት» የሚባለውን የአሜሪካ ፉትቦል ውድድር የግዛት ፍጻሜ ለመጫወት ነው። ውድድሩ የተጀመረው በ1998 ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወራቱን ግን በእኛ እጽፋለሁ)። ዋንጫው ተነሥቶ ቡድኖቹ ወደየመጡበት ሲመለሱ ግን አንድ ጥያቄ አብሯቸው ይመለሳል፦ በሰኔ ያሸነፈ ቡድን ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በሚዘልቀው መደበኛ የውድድር ዘመንም ያሸንፋል ወይ?

መልሴን መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው። የሰኔ ውጤት ስለ ጥቅምት የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ነገርም የሚገኘው ከውጤት ሰሌዳው ላይ አይደለም። ይህን ስል ልጆቹ በዚያ ሙቀት የሚያፈስሱትን ላብ ማሳነሴ እንዳይመስልብኝ። በዳላስ ዙሪያ፣ በተለይ በጋርላንድና በሪቻርድሰን፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ ያሉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ከእግር ኳስ ይልቅ ልባቸው ወደ ፉትቦል ያደላ ልጆች ያሏቸውም አሉ። እነዚህ ወላጆች በሰኔ ባዩት ነገር ከመጠን በላይ ሲደሰቱ ወይም ሲያዝኑ፣ አልፎ ተርፎም በዚያው ተመሥርተው ስለ ልጃቸው ዕድል ሲወስኑ አያለሁ። ጉዳዩን እንድጽፍበት ያነሣሣኝ ይህ ነው።

ፉትቦልን ለማያዘወትር አንባቢ ልዩነቱን ላስረዳ። እውነተኛው ጨዋታ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ነው። ከሚያጠቃው ቡድን ተጫዋቾች አምስቱ የመስመር ተጫዋቾች ናቸው፤ ላይንማን ይባላሉ። ኳስ ይዘው አይሮጡም፣ ኳስ አይቀበሉም፣ በድምፅ ማጉያ ቢጠሩ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት ሲሠሩ ነው። ሥራቸው ከፊታቸው የሚመጡትን ግዙፍ ልጆች በእጃቸውና በትከሻቸው ገትረው ኳስ ወርዋሪውን፣ ማለትም ኳርተርባኩን፣ መጠበቅና ለሯጩ መንገድ መክፈት ነው። በሰባት ለሰባት እነዚህ ልጆች ከሜዳ ይወጣሉ። ኳሱን የሚያስጀምር አንድ ልጅ፣ ኳርተርባኩና አምስት ተቀባዮች ይቀራሉ፤ በሌላው ወገን ደግሞ እነሱን የሚከታተሉ ሰባት ተከላካዮች ይቆማሉ። ኳስ ይዞ ሰብሮ መሮጥ የለም፤ ሙከራው ሁሉ ውርወራ ነው። ጥሎ ማስቆምም የለም፤ ተከላካዩ ኳስ የያዘውን ልጅ በእጁ ከነካው ይበቃል። የትከሻ መከላከያ አይለበስም። ሜዳው ከሙሉው ሜዳ ግማሽ ያህል ነው።

የእኔ ልጅ ጋርድ ነው፤ ከመስመሩ መካከል፣ ኳሱን ከሚያስጀምረው ልጅ አጠገብ የሚቆም። ስለዚህ ጓደኞቹ በሰኔ ለዋንጫ ሲጫወቱ እሱ በትምህርት ቤቱ የክብደት ማንሻ ክፍል ውስጥ ከብረት ጋር ይታገላል። ወገንተኛ ነህ የሚለኝ ሰው ካለ እውነቱን ነው። ነገር ግን ጨዋታውን ከመስመሩ ጀምሬ ማየት የተማርሁት በእሱ ምክንያት ነው፤ አንድ ጊዜ ከዚያ ማየት የጀመረ ሰው ደግሞ የሰኔን ውጤት እንደ ቀድሞው ሊያነበው አይችልም።

አንድ ሙከራ በቅርብ እንመልከት። ወሩ ሰኔ ነው። ኳርተርባኩ ኳሱን ይቀበላል። ወደ እሱ የሚሮጥ ማንም የለም። አንድ ዳኛ የሰከንድ መቁጠሪያ ይዞ አጠገቡ ቆሟል፤ በአራት ሰከንድ ውስጥ ካልወረወረ ሙከራው ይከሽፋል። አራት ሰከንድ አጭር ትመስላለች፤ ለኳርተርባክ ግን የተትረፈረፈ ጊዜ ናት። እግሮቹ እንደረጉ ግራውን ያያል፤ ተቀባዩ ተይዟል። መሀሉን ያያል፤ ጠባብ ነው። ወደ ቀኝ ሲዞር ሦስተኛው ተቀባይ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ የሚከታተለው ተከላካይም አንድ እርምጃ ዘግይቷል። ኳሱ እየተሽከረከረ ሄዶ የልጁ ደረት ላይ ያርፋል። ታችዳውን ነው፤ ማለትም ኳሱ ከሜዳው ጫፍ ገብቶ ነጥብ ተቆጥሯል። ወላጆች ከታጣፊ ወንበሮቻቸው ተነሥተው ያጨበጭባሉ።

ያንኑ ሙከራ በመስከረም፣ ዓርብ ማታ፣ በመብራት ሥር እንየው። ልጆቹ ያው ናቸው፤ ተቀባዮቹ የሚሮጡበት መንገድም ያው ነው። ኳሱ ሲነሣ ግን መቶ ኪሎ ያለፈ አንድ የተቃራኒ ቡድን ልጅ በውጭ በኩል ዞሮ፣ የመስመሩን የመጨረሻ ልጅ ክንድ በእጁ ጠርጎ ያልፋል። ኳርተርባኩ በዚህ ጊዜ ገና ግራውን እያየ ነው። ወደ መሀል ሲዞር ከጀርባው የሚመጣውን ኮቴ ይሰማል። እግሮቹ ይረበሻሉ፤ ትከሻው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወገቡ ወደ ሌላ ይሆናል። ሁለት ሰከንድ ተኩል ሳይሞላ፣ ሳይመቸው ይወረውራል። ሦስተኛው ተቀባይ ገና ጀርባውን ሰጥቶ እየሮጠ ነው፤ ኳስ እንደተወረወረለትም አያውቅም። በሰኔ ታችዳውን የሆነችው ኳስ በመስከረም የተቃራኒ ቡድን ሲሳይ ትሆናለች። የኳርተርባኩ ችሎታ አልቀነሰም፤ ተቀባዩም ያው ፈጣን ልጅ ነው። ጨዋታውን የለወጡት በሰኔ ሜዳው ላይ ያልነበሩት ልጆች ናቸው።

ይህ ደግሞ የውርወራው ነገር ብቻ ነው። ሰባት ለሰባት ጨርሶ የማያውቀው ሩጫ የሚባል ግማሽ ዓለም አለ። ከኦስቲን በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኘው የሊበርቲ ሂል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2006 እና በ2007 በተከታታይ የግዛት ሻምፒዮን ሆኗል። ቡድኑ በስሙ የታወቀው ስሎት ቲ በሚባል ነባር ስልት ነው፤ ኳሱን በእጅ ከአንዱ ለሌላው እየሰጡ፣ ማን እንደያዘው ተከላካዩን እያደናገሩ መሮጥ ነው። እንዲህ ያለ ቡድን በሰኔ ሜዳ ላይ የሚያሳየው ነገር ምንድን ነው? ሩጫው ተከልክሎ፣ መስመሩ ቤቱ ቀርቶ፣ ቡድኑ ቡድን ያሰኘው ነገር ሁሉ ተወስዶበት የሚገኘውን ውጤት ይዞ ስለ ጥቅምት መናገር ቀለሙን አይቶ ስለ ቤቱ መሠረት እንደ መመስከር ነው።

ትልልቆቹ ዘንድም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። በፕሮፌሽናሉ የኤን ኤፍ ኤል ሊግ ቡድኖች ከውድድር ዘመኑ በፊት የዝግጅት ጨዋታዎች ያደርጋሉ። ዲትሮይት ላየንስ በ2008 አራቱንም የዝግጅት ጨዋታዎች አሸነፈ፤ ከዚያ በመደበኛው ውድድር አሥራ ስድስቱንም ተሸነፈ። ክሊቭላንድ ብራውንስ በ2017 ልክ እንደዚያው አደረገ፤ አራት አሸንፎ አሥራ ስድስት ተሸነፈ። የባልቲሞር ሬቨንስ ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። ይህ ቡድን ከ2016 ጀምሮ እስከ 2023 ድረስ በተከታታይ 24 የዝግጅት ጨዋታዎችን አሸንፏል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ መደበኛውን ውድድር በ2019 በ14 ድልና በ2 ሽንፈት፣ በ2021 ደግሞ በ8 ድልና በ9 ሽንፈት ጨርሷል። የዝግጅቱ ውጤት በሁለቱም ዓመታት እንከን የለሽ ነበር፤ የተከተለው ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። እነዚህ እንግዲህ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ፣ ሙሉ ትጥቅ ታጥቀው፣ በሙሉ ሜዳ የሚደረጉ ጨዋታዎች ናቸው፤ ከእውነተኛው የሚለዩት ዋናዎቹ ተጫዋቾች ብዙ ስለማይሰለፉ ነው። እነሱ ካልተነበዩ፣ መስመር የሌለው የታዳጊዎች ጨዋታ እንዴት ይተነብይ?

አገር ቤት ሊጉ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገውን የአዲስ አበባ ከተማ ዋንጫ የተከታተለ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። አዲስ የፈረሙ ተጫዋቾች ይታያሉ፣ አሰልጣኙ አሰላለፍ ይሞክራል፣ ደጋፊውም ይዘምራል። ዋንጫው ተወስዶ ሊጉ ሲጀመር ግን ሁሉም ከዜሮ ነው።

ወደ ቴክሳስ ልመለስ። በሰኔ ሜዳ ላይ የማይገኘው መስመሩ ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት አሰልጣኙም አልነበረም። የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ውድድር የሚያስተዳድረው ዩ አይ ኤል የሚባለው ተቋም አሰልጣኞች የራሳቸውን ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሰባት ለሰባት ጨዋታ እንዳይመሩ ሲከለክል ኖሯል። ስለዚህ በሰኔ ቡድኑን የሚመሩት አባቶች፣ የቀድሞ ተጫዋቾችና ሌሎች ፈቃደኛ ሰዎች ነበሩ። ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ እንዲያውም ከምወድደው የጨዋታው ገጽታ አንዱ ነበር። ቀን መኪና ሲጠግን የዋለ አባት ማታ መጥቶ በእስክሪብቶ ያሰመራትን ወረቀት ይዞ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸውን ልጆች ሲያሰልፍ ማየት ደስ ይል ነበር። ትንበያ ላይ ግን ጣጣ ያመጣ ነበር። በጥቅምት የሚገጥማችሁ ቡድን ስልቱ የተነደፈው በሌላ ሰው ነበር፤ በሰኔ ያሸነፋችሁትም ቡድን የዚያን ሰው ሐሳብ ገና አላሳያችሁም ነበር።

ተጫዋቾቹም ቢሆኑ ሁሉም አይገኙም። አንዱ የቤዝቦል ቡድን አለው፤ ሌላው ከቅርጫት ኳስ ክለቡ ጋር ሌላ ግዛት ነው፤ ሦስተኛው የበጋ ሥራ ይዟል። የእኛ ልጆች ደግሞ ትምህርት እንደተዘጋ አያታቸውን ሊጠይቁ ወደ አዲስ አበባ ይበርራሉ፤ የቡድኑ ፈጣኑ ተከላካይ ቦሌ ላይ ሻይ እየጠጣ ሳለ ቡድኑ በሩብ ፍጻሜ ይወድቃል። እያንዳንዱ ጨዋታ ከአርባ ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ሰዓቱም አይቆምም። ውድድሩ በሁለትና በሦስት ቀን ስለሚያልቅ፣ ከምድብ ጨዋታዎቹ በኋላም ጥሎ ማለፍ ስለሆነ አንዲት ከጣት ተንሸራትታ ወደ ሰማይ የተነሣች ኳስ የአንድን ቡድን በጋ ትዘጋለች። ከእንዲህ ያለ ጥቂት ጨዋታ ላይ ትልቅ ድምዳሜ መሥራት ዕድልን ከችሎታ ጋር መቀላቀል ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ክርክር ይነሣብኛል፤ ብርቱ ስለሆነም ላልፈው አልፈልግም። «በሰኔ የሚያሸንፉት ትምህርት ቤቶች በጥቅምትም ብዙ ጊዜ አያሸንፉም እንዴ?» ይላሉ። አዎ፣ ያሸንፋሉ። ግን ምክንያቱን እንመርምር። በቴክሳስ ትልቁ ምድብ ስድስት ኤ ይባላል፤ እዚያ የሚመደበው ከ2200 በላይ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ብዙ ተማሪ ያለው፣ በሀብታም ሠፈር ያለ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዓይነት ስልት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ፈጣን ተቀባዮችም ይኖሩታል፣ ግዙፍ የመስመር ልጆችም ይኖሩታል። በሰኔም በጥቅምትም የሚያሸንፈው በአንድ ምክንያት ነው። ያንን ቡድን ጠንካራ መሆኑን ለማወቅ ሰኔን መጠበቅ አላስፈለገንም፤ አምናም፣ ካቻምናም ጠንካራ ነበር። እውነተኛው ጥያቄ ሰኔ ቀድሞ በምናውቀው ላይ ምን ይጨምራል የሚለው ነው። እዚያ ላይ ነው ድምዳሜው የሚሳሳው። አምና ሦስት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን በሰኔ ዋንጫ አነሣ ብለን ዘንድሮ ዘጠኝ ያሸንፋል ስንል፣ ያኔ ሰኔን ከአቅሙ በላይ እያሸከምነው ነው።

ታዲያ ሰኔ ምንም አያሳይም ማለት ነው? ያሳያል፤ እኔም ቢሆን ጓደኞቹን ለማበረታታት ከልጄ ጋር ስሄድ ዓይኔን አልነቅልም። መጀመሪያ የማየው ኳርተርባኩና ተቀባዮቹ ሳይነጋገሩ መግባባታቸውን ነው። ተከላካዩ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ተቀባዩ ሩጫውን አሳጥሮ ይዞራል፤ ጥሩ ኳርተርባክ ልጁ ከመዞሩ በፊት ኳሱን ለቅቆታል። ይህ የተደጋገመ ልምምድ ፍሬ ስለሆነ በመስከረምም አይጠፋም፤ መስመሩ ጊዜ እስከሰጠው ድረስ። ሁለተኛ፣ የኋላ ተከላካዮቹን እመለከታለሁ። በእኔ ግምት ሰባት ለሰባት ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው ስለእነሱ ነው። ኳርተርባኩን የሚያስጨንቀው ሰው በሌለበት፣ አራት ሙሉ ሰከንድ ከፈጣን ተቀባይ ጋር እየሮጠ የማይለይ ልጅ፣ በመኸር ኳርተርባኩን የሚያስጨንቁት የራሱ ወገን የፊት ተከላካዮች እርዳታ ሲጨመርለት የባሰ ይከብዳል። ለተከላካዩ ሰኔ ከጥቅምት ይከፋል፤ ለኳርተርባኩ ግን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ በሰኔ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ብዙ አያስደንቀኝም፤ ጥቂት ነጥብ ያስተናገደ ቡድን ግን ቆም ብዬ እንዳስብ ያደርገኛል።

ሦስተኛው ነገር ከተጠባባቂዎቹ ጋር የተያያዘ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዋናዎቹ ሲዝሉ፣ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች ይገባሉ። ኳስ ያመለጠው ልጅ በሚቀጥለው ሙከራ ፊቱን ወዴት ያዞራል? ታላላቆቹስ ይቆጡታል ወይስ እጁን ይዘው ያስነሡታል? ይህን በቁጥር የሚመዘግብ ሰው የለም። የውድድር ዘመኑ አጋማሽ ላይ ሦስት ተሰላፊ ሲጎዳ ግን ቡድኑን የሚያቆመው ይኸው ነው።

ለጥቅምት ትንበያ ከፈለጋችሁ እኔ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ፤ አምና ከተሰለፉት ስንቱ ተመልሷል? በቴክሳስ ከ1960 ጀምሮ በየበጋው የሚወጣ የፉትቦል መጽሔት አለ፤ ስለየትምህርት ቤቱ ከሚዘረዝራቸው ነገሮች አንዱ በማጥቃትና በመከላከል ስንት ተሰላፊዎች እንደተመለሱ ነው። እኔ በዚያ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ከተመለሱት ውስጥ የመስመር ልጆቹ ስንት ናቸው? አምስት ልጆች ጎን ለጎን ቆመው እንደ አንድ ሰው መንቀሳቀስ የሚማሩት በአንድ በጋ አይደለም። ተከላካዮቹ በሁለቱ ልጆች መካከል ተጠላልፈው ሲመጡ፣ አንዱ የያዘውን ለጎረቤቱ አስረክቦ አዲስ የመጣውን መቀበል አለበት፤ ይህም ቃል ሳይወጣ፣ በትከሻ ስሜት ብቻ ይፈጸማል። ልጄ ከአጠገቡ ከሚቆመው ልጅ ጋር ያለውን ነገር ሲነግረኝ «አባዬ፣ መልቀቁን ሳላይ አውቀዋለሁ» ይለኛል። ሁለቱ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ደግሞ በሰኔና በሐምሌ ማለዳ የክብደት ማንሻ ክፍሉ ስንት ሰው ይገኝበታል የሚለው ነው። ፎቶ የሚያነሣቸው፣ የሚያጨበጭብላቸው ሳይኖር፣ ገና ጎሕ ሲቀድ እናቶቻቸውንና አባቶቻቸውን ቀስቅሰው የሚመጡት ልጆች ቁጥር፣ በእኔ እምነት፣ ከማንኛውም የበጋ ዋንጫ ይልቅ ስለ ቡድኑ ይናገራል። ትልልቆቹ ልጆች ታናናሾቹን ከቤታቸው በመኪና እየለቀሙ የሚያመጡ ከሆነማ ያ ቡድን ቀላል አይሆንም።

ባለፈው ጊዜ አንዲት የአገሬ ሴት፣ ልጇ ተቀባይ የሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አስቁማ ጠየቀችኝ። የልጇ ትምህርት ቤት በሰኔ ጥሩ ውጤት ስላመጣ፣ በክፍያ ከግዛት ግዛት እየዞረ ሰባት ለሰባት የሚጫወት የግል ቡድን እንዲገባ ተጋብዟል። «ወንድሜ፣ አንተ ነገሩን ታውቀዋለህና ንገረኝ፤ ይህን ሁሉ ገንዘብ ላውጣበት ወይ?» አለችኝ።

የመለስኩላት እንዲህ ነው። ልጅሽ ተቀባይ ስለሆነ ይጠቅመዋል፤ ከፈጣን ተከላካዮች ጋር በተጋጠመ ቁጥር ይሻላል። ገንዘቡ ቤታችሁን የሚያናጋ ከሆነ ግን ተዪው፤ የትምህርት ቤቱ በጋ ይበቃዋል። ዩኒቨርሲቲዎች መልማይ ሲልኩ የሚፈልጉት ትጥቅ ለብሶ፣ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሲጫወት የተቀረጸ ምስል ነው። ተቀባይ ኳስ መያዝ ብቻ ሳይሆን ለጓደኛው ሩጫ መንገድ መክፈትም ይጠበቅበታል፤ ያንን ደግሞ በሰባት ለሰባት ማንም አያስተምረውም። ስለዚህ የግሉ ቡድን ጉዞ ከነሐሴው ልምምድ ጋር ከተጋጨ፣ ነሐሴን ይምረጥ።

ጥቂት አሰበችና «እሺ፣ ቡድኑ ዘንድሮ ጥሩ ነው አይደለም የሚለውን መቼ ነው የማውቀው?» አለች። በሦስተኛው ጨዋታ አልኳት። መጀመሪያ ልጅሽን ሳይሆን አምስቱን የመስመር ልጆች እዪ፤ ኳሱ በተነሣ ቁጥር ወደ ፊት ይገፋሉ ወይስ ወደ ኋላ ይገፋሉ? በአራተኛው ሩብ፣ ሁሉም በደከመበት ሰዓት፣ አሁንም ወደ ፊት የሚገፉ ከሆነ ልጅሽ ብዙ ኳስ ያገኛል። ባለቤቷ ከአጠገቧ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ሁለቱም አምስቱ ልጆች የቆሙበትን ለይተው አይተው እንደማያውቁ ነገረኝ። የነሐሴ የመጀመሪያው ጨዋታ በሜዳችን ስለሆነ ሦስታችንም ከመስመሩ ትይዩ ለመቀመጥ ተቀጣጥረናል።